ጥርስ፣ ቆጣሪ፣ ባትሪ፦ ያገለገለ መጓጓዣ የመምረጥ ታሪክ ከቆሰበር ሲታይ



የታሪክ መምህር ስለ መኪና ግዢ ሊናገር መምጣቱ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አልቀረም። ወደዚህ አዳራሽ ስገባ አንድ ባልደረባዬ በር ላይ ይዞ «ዛሬ ደግሞ ደላላ ሆነሃል አሉ» ብሎ ቀልዶብኛል። ቀልዱ ከእውነት አልራቀም። የዛሬው ንግግሬ መነሻ ባለፈው ጥቅምት አዲስ አበባ ውስጥ ከደላሎች ጋር ስዞር የሰነበትኩበት አንድ ሳምንት ነው።

የአክስቴ ልጅ እዚሁ ቆሰበር የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለው። ዕቃ ለማምጣት በሳምንት አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ይወርዳል። ነዳጅ ሲኖር ሰልፉ፣ ሳይኖር በጀሪካን የሚሸጠው ዋጋ አንገሸገሸውና፣ ከእህቱ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀሙትን ገንዘብ አንሥቶ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ቆረጠ። አዲሱ ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ከአገለገሉት መካከል ሁለት ለየ። አንደኛዋ ከባሕረ ሰላጤ አገር የመጣች የ2019 ሞዴል ኒሳን ሊፍ ስትሆን ቆጣሪዋ 41 ሺህ ኪሎ ሜትር ያሳያል። ሁለተኛዋ ከቻይና የመጣች የ2022 ሞዴል ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ናት፤ 118 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ሻጮቹ የጠሩት ዋጋ ተቀራራቢ ነበር። ማታ ደወለልኝና «ጋሼ፣ አሮጌ ሆና ያልለፋችውን ልውሰድ ወይስ አዲስ ሆና የለፋችውን?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄውን ግን አውቀዋለሁ። በልጅነቴ አያቴ ገበያ ላይ በአንድ ፈረስ ዙሪያ ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ፣ ቃል በቃል ይህንኑ ሲጠይቅ ሰምቼዋለሁ።

አገው ምድር የፈረስ አገር መሆኑን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማስረዳት ድፍረት ይሆናል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት እንጅባራ ላይ ሲሰበሰቡ ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ለጥያቄዬ የሚጠቅመኝ ግን የበዓሉ ፈረስ ሳይሆን የገበያው ፈረስ ነው። ከዓድዋ ዘመን ብዙ ቀድሞ፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ አገር ያለፈው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ አገዎች ማር፣ ቅቤና ከብት ይዘው እየተፈራረቁ ወደ ጎንደር እንደሚመላለሱ ጽፏል። እንዲህ ያለ ረጅም ንግድ ጫንቃው የጸና እንስሳ ይጠይቃል። ነጋዴ ደግሞ እንስሳ በገዛ ቁጥር የሚገዛው ሌላ ሰው ያሠራውን ጉልበት ቀሪ ነው።

ገዢው ሁለት ምንጮች ነበሩት። የመጀመሪያው ጥርስ ነው። ፈረስ አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላው የወተት ጥርሶቹን ቀይሮ ይጨርሳል። በታችኛው የፊት ጥርሶቹ ላይ ያለው ጎድጓዳ ጥቁር ምልክት ደግሞ ከግጦሽ ብዛት እየተፋቀ ሄዶ በስምንት ዓመት ገደማ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ጥርስ የሚናገረው በግምት ነው። ሁለተኛው ምንጭ ሰውነት ነው፤ የኮርቻ ጠባሳ፣ የጉልበት እብጠት፣ የሰኮና ስንጥቅ። አያቴ «ጥርሱ ዕድሜውን ይነግርሃል፣ ጀርባው ጌታውን» ይል ነበር። የስድስት ዓመት ፈረስ በጭነት ተሰባብሮ ሊገኝ ይችላል፤ የአሥራ ሁለት ዓመቱም ጉግስ ሊጫወት ይችላል። ሁለቱ ምንጮች ሲጋጩ አያቴ የሚያምነው ጀርባውን ነበር። ምክንያቱን የገባኝ ቆይቶ ነው። በአውሮፓ የፈረስ ገበያዎች ተንኮለኛ ነጋዴዎች ያረጀ ፈረስ ጥርስ እየፈለፈሉና በጋለ ብረት እየተኮሱ ሐሰተኛ ምልክት ይሠሩ ነበር። ጥርስ በቀላሉ የሚነበብ በመሆኑ በቀላሉ የሚሰረዝና የሚደለዝ ሰነድ ነው። ያበጠ ጉልበት ግን አይደለዝም።

መኪና አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ለዐፄ ምኒልክ ይዞት በመጣ ጊዜ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ያ የንጉሥ መኪና ነውና ማንም «ስንት ሄዷል?» ብሎ አልጠየቀም። ያገለገለ መኪና ገበያ የሚባለው ነገር የመጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው ብዬ አምናለሁ። ወራሪው የቀየሳቸው መንገዶችና ጥሏቸው የሄደው የፊያትና የላንቻ የጭነት መኪኖች፣ እነዚያ አባቶቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሏቸው፣ ባለቤት እየለወጡ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። ሰነድ አልነበራቸውም፤ ቢኖራቸውም የተጻፈው በሮም ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው እንደ ፈረሱ ሁሉ ጀርባቸውን ማንበብ ተማረ። ዛሬም ድረስ ጋራዥ ውስጥ የምንሰማቸው ጥያቄዎች የዚያ ትምህርት ቅሪቶች ናቸው፤ «ሞተሩ ወርዷል?»፣ «ዘይት ይበላል?»፣ «ጭሱ ምን ዓይነት ነው?»፣ «ቀለሙ ተነክቷል?»። «ሴት የነዳችው ነው» የሚለው የደላሎች ማሻሻጫም እዚሁ ውስጥ ይገባል። አባባሉን ባላምንበትም፣ የሚጠቁመው ነገር ግን አንድ ነው፤ ገዢው መኪናውን ማን እንደያዘው ማወቅ ይሻል።

ከዚያ ቆጣሪው መጣ። የተጓዙትን ርቀት በመንኮራኩር ዙር የመቁጠር ሐሳብ ጥንታዊ ነው፤ ሮማዊው ቪትሩቪየስ በየማይሉ ጠጠር የሚጥል ሠረገላ ገልጿል። በመኪና ላይ የተለመደው ግን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን፣ ማጭበርበሩም ከመለመዱ ጋር አብሮ ተለምዷል። አሜሪካ ቆጣሪ ወደ ኋላ መመለስን በፌደራል ሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ሕግ ሲወጣ ወንጀሉ ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደነበር ለታሪክ ተማሪ መንገር አያስፈልግም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ማንም ሳይደልዝ ራሱን የሚደልዝ ቁጥር አለ፤ የሞዴሉ ዓመት። የመኪና ሞዴል የሚነገረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኛ የምንኖረው በ2018 ዓ.ም. ነው። «የ2018 ሞዴል» የሚል ቃል ቆሰበር ላይ ሲሰማ ዘንድሮ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሞላው መኪና ግን ነው። ሳቃችሁ ይገባኛል። ሆኖም ከገዛ በኋላ የነቃ ሰው አውቃለሁ፤ እሱ አልሳቀም።

መንግሥትም በበኩሉ ከሁለቱ መለኪያዎች ዕድሜን መርጧል። ቀደም ባለው ጊዜ አሮጌነት የቀረጥ መነሻ ዋጋን የሚያሳንስ ስለነበር ከዱባይና ከጃፓን የሚገቡት መኪኖች በአብዛኛው ያረጁ ነበሩ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ይህን ገለበጠው፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ግብሩ እንዲከብድ አደረገ። አዋጁ ስለ ተጓዘው ርቀት አንድም ነገር አይጠይቅም። ይህ በቢሮክራሲ ዓይን ትክክል ነው። የተሠራበት ዓመት ከፋብሪካው በመጣው የሻንሲ ቁጥር ውስጥ ተጽፏል፤ ቆጣሪው ግን በባለቤቱ እጅ ነው። መንግሥት ሁልጊዜ የሚወደው ሊያረጋግጠው የሚችለውን ቁጥር እንጂ የሚጠቅመውን ቁጥር አይደለም፤ በግብር ታሪክ ላይ የሠራችሁ ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ።

ቀጥሎ ነገሩ ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከሱር ታክስና ከኤክሳይዝ ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው በሚገቡት ላይ 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ አስቀረ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ እንደማይገቡ አስታወቀ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ከዚህ ውሳኔ ጀርባ ያለ ክርክር ነው። በቻግኒ መንገድ ለዓመታት ወደ ግድቡ ሲያልፍ የኖረው ጭነት በዚህችው በቆሰበር መገንጠያ በኩል ሲታጠፍ ያየን ሰዎች፣ መብራት ሲጠፋብን የምንለውን ዛሬ አልደግመውም።

የኤሌክትሪክ መኪና ለዓለም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ በአሜሪካ ከተሞች ከቤንዚን መኪና ጋር በእኩል ይፎካከር ነበር። ዲትሮይት ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ ከ1907 እስከ 1939 ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1912 ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ሞተር ማስነሻ በካዲላክ ላይ ሲገጠም የቤንዚን መኪና በእጅ ከመጠምዘዝ ዳነ፤ ፉክክሩም ወደዚያ አጋደለ። በዚያ ዘመን የነበረ አንድ ሥርዓት ግን ለእኛ ጥያቄ ቁልፍ ነው። ሃርትፎርድ በተባለች የአሜሪካ ከተማ የመብራት ኩባንያው የጭነት መኪናን ያለ ባትሪ እንዲገዛ አድርጎ፣ ባትሪውን በተጓዙት ርቀት እያስከፈለ ያከራይ ነበር። የተዳከመው ባትሪ ወጥቶ የተሞላው ይገባል። ያኔውኑ የገባቸው ነገር መኪናው አንድ ዕቃ እንዳልሆነ ነው፤ አካሉና ባትሪው የየራሳቸው ዕድሜ አላቸው። ይህን መርሳታችን ነው የአክስቴን ልጅ ግራ ያጋባው።

የዛሬው ሊቲየም ባትሪ በሁለት መንገድ ያረጃል። አንደኛው በሥራ ነው፤ በሞላና በጎደለ ቁጥር ከአቅሙ ጥቂት ይቀንሳል። ሁለተኛው በመቀመጥ ነው፤ ሳይነዳ ቆሞ እንኳ ኬሚካሉ ዝም አይልም። ሙቀት ይህን ሁለተኛውን እርጅና ያፋጥነዋል፤ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ በሙቀት ውስጥ መቆም ደግሞ የባሰ ነው። በቤንዚን መኪና ዘንድ ጥቂት የተነዳ ማለት ጥቂት የተጎዳ ማለት ነበር። እዚህ ግን ዝቅተኛ ቁጥር ብዙ የቆመ ማለትም ሊሆን ይችላል። የዚህ ታዋቂ ማስረጃ ከሊፍ ታሪክ ይገኛል። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ገበያ ስትወጣ ባትሪዋን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ አልተሠራላትም። በአሪዞና በረሃ የሚኖሩ ባለቤቶች ሁለት ዓመት ሳይሞላ በመስኮቷ ላይ ከሚታዩት አሥራ ሁለት የአቅም መስመሮች አንዳንዱ ሲጠፋ ተመለከቱ፤ ቅሬታው በርትቶ ፋብሪካው ለባትሪው አቅም ዋስትና እስከ መስጠት ደረሰ። የኋለኞቹ ባትሪዎች ተሻሽለዋል። ያለ ፈሳሽ ማቀዝቀዣ መሆኑ ግን በ2019 ሞዴልም እንዳለ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን መኪኖች እንደ ሁለት ሰነድ አነበብናቸው።

41 ሺህ ኪሎ ሜትር ለስድስት ዓመት ሲካፈል በቀን 19 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቁጥሩን ማንም አልነካውም፤ ሻጩም ሐቀኛ ሰው ነበር። ጥያቄው ቀሪውን ሃያ ሦስት ሰዓት የት ቆመች የሚለው ነው። መልሱ በመስኮቷ ላይ ነበር፤ አሥራ አንድ መስመር። የመጀመሪያው መስመር የሚጠፋው ከአቅሙ 15 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት በየ6 በመቶው ነው። ስለዚህ አዲስ ሳለች 40 ኪሎ ዋት ሰዓት የነበረው ባትሪ ወደ 32 ገደማ ወርዷል ማለት ነው። በዚህ ላይ ለፈጣን መሙያዋ ያለው የጃፓኑ ቻዴሞ ሶኬት ሲሆን፣ ከቻይና የሚመጡት መኪኖች የሚጠቀሙት ጂቢ/ቲ የተባለውን ነው።

118 ሺህ ለሦስት ዓመት ሲካፈል በቀን 108 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ይህ የቤተሰብ መኪና አይደለም። ሻጩ «ሐኪም ነው የነዳት» አለን፤ የኋላው ወንበር ግን ከፊተኛው እኩል አልቋል፤ የበሮቹም መያዣ በሁሉም በኩል ተፍቋል። ተሳፋሪ ስታመላልስ የኖረች ናት። ይህን ካወቅን በኋላ የአክስቴ ልጅ ፊቱ ተለወጠ፤ እኔም «ተወው» ልለው ተቃርቤ ነበር። ያቆመኝ የባትሪዋ ዓይነት ነው። ዩዋን ፕላስ የያዘችው ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለውን ነው፤ ለተመሳሳይ ክብደት የሚይዘው ኃይል ከሌላው ዓይነት ያነሰ ቢሆንም መሞላትና መጉደልን አብልጦ ይችላል። ማቀዝቀዣም አላት።

ስለዚህ ጀርባዋን ለማየት ወሰንን። ባትሪዋ 20 በመቶ እስኪቀር ነድተን፣ በአንድ ፈጣን መሙያ ጣቢያ ላይ እስከ 100 በመቶ አስሞላናት። አዲስ ሳለች የምትይዘው 60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ የዚያ 80 በመቶ 48 ያህል ይሆናል። የጣቢያው ቆጣሪ 47 አለ። ከዚህ ውስጥ በመንገድ በሙቀት የሚባክነውን 5 በመቶ ያህል ብንቀንስ ባትሪው ውስጥ የገባው 44.6 ገደማ ነው። ስለዚህ ከአቅሟ 92 በመቶ ያህል ቀርቷል። ልኬቱ ፍጹም አይደለም፤ በዚህ ዓይነት ባትሪ ላይ መሐል ላይ የሚታየው መቶኛ ራሱ ግምት ነው። ቢሆንም ይህን ቁጥር የሰጠን የመኪናዋ መስኮትም ሻጩም አይደሉም። ገለልተኛ ምስክር ነው።

ቀሪው የጂኦግራፊ ጉዳይ ነው። ከቆሰበር ባሕር ዳር ደርሶ መልስ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ያለነው 2,560 ሜትር ገደማ ላይ፣ ባሕር ዳር 1,800 ላይ ናት። ስትወርድ ሞተሩ ጀነሬተር እየሆነ ጥቂት ኃይል ይመልሳል፤ ስትመለስ ግን ከነጭነቷ 1,800 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ወደ 3.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ትበላለች። ጠቅላላ ጉዞውን ከ36 እስከ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት አሰብነው። 32 አይበቃም፤ 55 ይበቃል። ጥያቄውን የፈታው ዕድሜም ርቀትም ሳይሆን የሚጓዝበት መንገድ ሆነ። ከቤቱ ግቢያችን ደርሶ ለሚመለስ መምህር ብመክር ኖሮ፣ ዋጋዋ ከተቀነሰ ሊፏን ውሰድ እለው ነበር። የእንጅባራ ብርድ ለባትሪ መልካም መኖሪያ ነው፤ ከዚህ በኋላ በሙቀት አታረጅም።

ያልተፈታም አለ። ፋብሪካዎች ለባትሪ የሚሰጡት የተለመደ ዋስትና ስምንት ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ በነጋዴ እጅ ድንበር ተሻግሮ ለመጣ መኪና ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። የተጠራቀመው አሥራ አንድ ዓመት ያለ ዋስትና ነው መኪናዋ ላይ የፈሰሰው። እህቱ ይህን ስታውቅ ለሦስት ቀን አላነጋገረችንም፤ እውነት ነበራት።

መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና መጣች፤ በዚያ መንገድ ላይ መሙያ አገኛለሁ ብሎ መውጣትን አልደፈርንም። ቤት ውስጥ በተራ ሶኬት፣ በ220 ቮልትና በ10 አምፔር፣ በሰዓት የምታገኘው 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሆነ ከባሕር ዳር መልስ ለመሙላት ሁለት ሌሊት ያስፈልጋታል፤ መብራት ከሄደ ሦስት። ሰፈራችን ካሉት አዛውንት አንዱ፣ አያ እንላቸዋለን፣ ዙሪያዋን ዞረው መከለያዋን አስከፈቱና «ታዲያ ጥርሷ የቱ ጋ ነው?» አሉ። የአክስቴ ልጅ ከመቀመጫው ሥር አንድ ደብተር አውጥቶ አሳያቸው። ደብተሩን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ፤ የሙያ አመል ሆኖብኝ። ቀኑን፣ ሲነሣ የነበረውን መቶኛ፣ ሲመለስ የቀረውን፣ የሞላውን ኪሎ ዋት ሰዓትና የአየሩን ሁኔታ ይጽፍበታል። አንድ ቀን ሲሸጣት ገዢው ወንበሯን መመርመር አይኖርበትም። የመጀመሪያው መስመር «ባሕር ዳር ደርሶ መልስ፤ በ100 ወጥቼ በ27 ገባሁ፤ ቀላል ዝናብ» ይላል። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጽፈው ነግሬዋለሁ።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።